የሊቁ ሰሌን

ነይ ግቢ ሳላፋይ፣ ነይ የኔ ልጅ። ኧረ ጫማሽን እዚያው ተይው፣ ውሻዋ አትነካውም፤ እንደኔው አርጅታ ጥርሷ አልቋል። ተቀመጪ። አይ፣ እዚያ አይደለም፣ እዚያ ጋ ያፈሳል… ትናንት ዘንቦ ጣሪያው ልክ በዚያ በኩል ወንፊት ሆኖብኛል። ወደዚህ ጠጋ በይ፣ ከባሕሩ በኩል ነፋስ ይመጣልሻል። እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ትንሿ ሳል ይዟት ነበር አሉ፣ ተሻላት? እሰይ። እናትሽስ፣ ዛሬም ጉልበቷን ታማርራለች? ዝናብ ሊመጣ ሲል እኮ ሬዲዮ አንከፍትም፣ የእናትሽን ጉልበት ነው የምንጠይቀው።

ካካዎ ልቅዳልሽ። ጠጪ እንጂ… ስኳሩ በዛ? እኔ እንዲህ ሲጣፍጥ ነው የምወደው። በዚህ ዕድሜዬ መራራ ነገር አልስማማ ብሎኛል፣ አፌ ላይ እንኳ አይቆይም።

ቀሚስሽ ደግሞ እንዴት ያምራል! ለእሁድ ነው? አይደለም? ይሄ የአዘቦቱ ከሆነ የእሁዱማ ምን ሊሆን ነው! ባርኔጣውም ከኦክላንድ መጥቷል አሉ። ማንም አልነገረኝም፣ ባርኔጣው ከአውቶቡስ ሲወርድ መንደሩ በሙሉ ነው ያየው። ለብቻው መቀመጫ ይዞ ነበር አሉ፣ አሮጊቶቹ ቆመው። ይገባሻል የኔ ልጅ። የዚያን ያህል ሊቅ ሚስት ባዶ ራሷን ልትሄድ ነው እንዴ?

እንግዲህ… በዚህ ፀሐይ ከነገረ መለኮት ኮሌጁ ድረስ በእግርሽ የመጣሽው የኔን ካካዎ ፍለጋ አይደለም። ንገሪኝ፣ አትፍሪ።

ምን አልሽኝ? ሰሌን? … የመኝታ ሰሌን። አሮጌ ቢሆን ይመረጣል። ለጉድጓዱ።

አሃ…

ገባኝ፣ ገባኝ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ከጀርመንና ከኒውዚላንድ የሚመጡት ምሁራን ባልሽን ሊያከብሩት ነው። ከዚያ ደግሞ መጽሐፍ ላይ ያነበቡትን በዓይናቸው ማየት አማራቸው፤ የዳቦ ዛፍ ፍሬ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀበር፣ ከሥሩም የቤቱ እመቤት ሰሌን ሲነጠፍ። «የሳሞአ ሕዝብ ጥንታዊ ልማድ» ብለው ነው የመጡት። አንጣፊዋ ደግሞ አሮጊት ብትሆን ያምራል ተባለ? እኔ! ውይ በሞትኩት። ፎቶም ይነሳል? እንግዲያማ ፀጉሬን ልታጠብ።

እሰጥሻለሁ። ለምን አልሰጥሽም? ሰሌን ምን ጠፍቶ። ካካዎሽን ግን ጨርሺ፣ እስክትጨርሺ ስለ አንድ ሰው ላጫውትሽ። ኧረ ባልሽን አይደለም! ባልሽን ምን አድርጎኝ? ሌላ ሰው ነው። እንዲያውም እዚህ ደሴት ላይ መሆኑንም እንጃ፣ ቶንጋ ይሁን ፊጂ… ዕድሜ ነው፣ ይምታታብኛል። ስሙንም ረስቼዋለሁ። አትቀየሚኝ፣ ስም መርሳት ዘንድሮ የትልልቅ ሰዎች ነገር ሆኗል።

ይሄ ሰው ተማሪ ሳለ ኮሌጁ ለልምምድ ብሎ አንድ የመንደር ፓስተር ቤት ላከው። ደንቡን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ተማሪው ከፓስተሩ ጋር ይበላል፣ ይተኛል፣ የታሮ ሥር ይተክላል፣ ደወል ይደውላል፣ ሲመሽ የቤተሰቡን ጸሎት ይመራል። ይሄኛው ታሮው ላይ እንኳ እጁ እምብዛም ነበር። ገጀራ ሲይዝ ከታሮው ቀድሞ ጣቱ ነው የሚቆረጠው። እሱ… አሁንማ «እሱ» ማለትም ይከብዳል፣ «እሳቸው» ልበል ይሆን? ተይው፣ ሸሚዙን ያጠበችለት ሴት እስከ ዛሬ «እሱ» ነው የምትለው።

ጆሮው ግን! እንዲህ ያለ ጆሮ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ፓስተሩ ሲሰብክ ከፊት ተቀምጦ፣ አንገቱን ሰገግ አድርጎ፣ ዝንብ ቢያርፍበት እንኳ አያባርራትም። እራት ላይም እንደዚያው ነው። ፓስተሩ ዓሣውን እያላመጠ አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፣ እሱ መብላቱን ትቶ ያዳምጣል። ፓስተሩ ዝም ሲል ይበላል። ሁለቱንም ሲያደርግ እንዴት ደስ ይል ነበር… አይመርጥም፣ የቀረበለትን ሁሉ ይወስዳል፣ ከየት መጣ ብሎም አይጠይቅም። የተባረከ ሆድ!

ከዚያ ያ አውሎ ነፋስ መጣ። አንቺ ሕፃን ነበርሽ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አግዳሚ ወንበር ሥር ነው የወሸቁሽ፤ እናትሽ ከላይ ተኝታብሽ ነው የተረፍሽው። ነፋሱ ሲያልፍ የዳቦ ዛፎቹ ፍሬያቸውን ገና ጥሬውን መሬት ላይ ዘርግፈውት አገኘን። ዝም ካሉት ይበሰብሳል፤ ከበሰበሰ ደግሞ መርከቡ እስኪመጣ መንደሩ ምን ይበላል? ስለዚህ ተላጠ፣ ተቆረጠ፣ ማሲ እንዲሆን ጉድጓድ ተቆፈረለት። ከመሬት በታች ሲብላላ ከርሞ ነው የሚበላው፣ ሽታውን ለአንቺ አልነግርሽም።

ጉድጓድ ደግሞ ቅጠል ይፈልጋል። የሙዝ ቅጠል። እናቶቻችን ያነጠፉት የሙዝ ቅጠል ነው፣ የእናቶቻችን እናቶችም የሙዝ ቅጠል ነው። ያን ጊዜ ግን የሙዝ ቅጠል ከየት ይምጣ? ነፋሱ በጣጥሶ ክር አድርጎታል። ሰው ሁሉ ጉድጓዱን ከቦ ቆሞ እርስ በርሱ ይተያያል። በዚህ መሃል አንዲት ሞኝ ሴት… ስሟ ይቅር… ቤቷ ገብታ የምትተኛበትን ሰሌን ጠቅልላ አመጣችና ጉድጓዱ ውስጥ ጣለችው። በቃ። ይኸው ነው ልጄ፣ ጥንታዊው ልማድ። አንድ ጠዋት ተጀመረ፣ እዚያው ጠዋት አለቀ።

ማሲው እንዴት ሆነ አትይኝም? ሰሌን እኮ ውሃ ያስገባል! ሲወጣ ድሮ ከሚሸተው ሌላ የእግር ሽታ ጨምሮ ወጣ። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ነው የበሉት። ግን በሉ። ከዚህ መንደር በረሃብ የተቀበረ ሕፃን የለም።

እሁድ ፓስተሩ ሊሰብክ ተነሣ። ወረቀት የማይዝ ሰው ነበር። ጣሪያው ተገንጥሎ ሄዷል፣ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ መላጣው ላይ ትወርዳለች። «ሚስቴ ሰሞኑን ባዶ ወለል ላይ ነው የምትተኛው» አለ። ሰው ሳቀ። «የሳቃችሁት በእግዚአብሔርም ነው» አለ። «እሱም የሚተኛበትን ከሥሩ አንስቶ እኛ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያነጠፈው። ይሸታል? አዎ ይሸታል። ግን እንበላለን፣ እንኖራለን።» ይኸው ነው። አጭር ነበር። ሴቶቹ አለቀሱ፣ እኔም… ማለቴ እሷም አለቀሰች። ወለል ላይ ተኝታ ወገቧ ተቆርጦ ስለነበር የትኛውን እንዳለቀሰች እሷም አታውቅም። ያ ተማሪ ግን አላለቀሰም። ያዳምጥ ነበር።

ትንሽ ልጨምርልሽ? አይዞሽ፣ ገና ብዙም አልጠጣሽም።

ከዚያማ ሄደ። ባሕር ተሻገረ፣ ዓመታት ቆየ፣ የሰው ቋንቋ ተማረ፣ መነጽር አደረገ። ሲመለስ ዶክተር ነው። መጽሐፉም ወጣ። ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ሰሌኑ፣ ስለሚሸተውና ስለሚያድነው ጸጋ። የነገረ መለኮት ሰዎች «ከፓሲፊክ ምን የመሰለ አዲስ ድምፅ መጣ» ብለው አጨበጨቡ አሉ። አይፈረድባቸውም፣ ድሮውንም ድምፁ ጥሩ ነበር። አስቢው እስቲ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ በሰው አገር፣ በበረዶ መሃል፣ አንዲት ቃል አልጣለም። ሰው የሳቀበትን ቦታ እንኳ አልሳተም! ሁሉንም ይዞ ተሻግሯል። አንዲት ነገር ብቻ ናት ከሻንጣው የቀረችው… ያው አውሮፕላን ላይ ኪሎ ይመዝናሉ አይደል፣ ሲበዛ ያስጥላሉ። የሰው ስም ግን ስንት ኪሎ ይሆን? እኔ ተሳፍሬ አላውቅም። አንቺ ትሄጃለሽ፣ እስቲ ጠይቂልኝ።

ስለ ሰሌኑ ብቻ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው። ኒውዚላንድ ያለችው የእህቴ ልጅ በስልክ አንብባልኛለች። ሰሌኑ ሥጋዌ ነው ይላል። መልካም። የተጠላለፈው ቅጠል ኪዳን ነው፣ ይሁን። የተበላው ጥግ ደግሞ የመስቀሉ ቁስል ነው ሲል ግን… ሳላፋይ፣ ያንን ጥግ የበላችው እኮ የዚች ውሻ አያት ናት! ያኔ ቡችላ ነበረች፣ ጥርስ ታወጣ ነበር። ተመልከቻት አሁን እንዴት እንደተኛች፣ በጀርመን አገር በአያቷ ላይ ሲጻፍ የምታውቀው ነገር የለም። ሰሌኑ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ለምን ታጠፈ በሚለው ደግሞ አንድ ፕሮፌሰር ተነስቶ ተከራክሮ ጽፏል አሉ። ሌላዋ መልስ ሰጥታዋለች። እሱም ለመልሷ መልስ። ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር፤ ጉድጓዱ ጠበበ፣ ታጠፈ። ግን ማን ይጠይቀኛል? እኔ እንጀራ አልቆርጥባቸውም፣ ይከራከሩ።

የሚያሳዝኑኝ የሳቫኢ ደሴት ሴቶች ናቸው። እዚያ ያሉ ወጣት ፓስተሮች መጽሐፉን ኮሌጅ ተምረውት ወጡና «የአባቶቻችሁን ልማድ ረስታችኋል» ብለው ሕዝቡን ገሠጹ አሉ። ሴቶቹም ደንግጠው፣ አፍረው፣ ሰሌናቸውን ይቀብሩ ጀመር። ማሲው ተበላሸ፣ ባሎቻቸው ወለል ላይ ተኙ። አንዷ ከአውቶቡስ ላይ አግኝታኝ «እማማ፣ ድሮ እንዴት ነበር የምታደርጉት? የኛ ለምን ውሃ ያስገባል?» አለችኝ። ምን ልበላት? «ጸልዪበት» አልኳት። ይቅር ይበለኝ። እስቲ ተመልከቺው ግን፣ እናቶቻችን በስንት ትውልድ ያልቻሉትን አንድ ሰው በአንድ መጽሐፍ ጥንታዊ ልማድ ፈጠረልን። ይሄ ሊቅነት ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ነው?

ሳቂ እንጂ። እኔ እየሳቅኩ አይደል? ማራገቢያሽን እንዲህ አታርገብግቢው፣ ይሰበራል።

መጽሐፉ የታተመ ጊዜ ያ ፓስተር በሕይወት ነበር። አንድ ቅጂ በፖስታ መጣለት፣ ፊርማ ያለበት። እንዴት ደስ አለው መሰለሽ! እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ ሸሚዝ ለብሶ፣ እዚህ ምሰሶው ሥር ተቀምጦ ገለጠው። እንግሊዝኛው ቀስ ስለሚልበት ማንበቡን ለነገ አለና መጀመሪያ ምስጋናው ያለበትን ገጽ ፈለገ። አገኘው። ረጅም ምስጋና ነው። ፕሮፌሰሩ አሉ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች አሉ፣ ትየባውን ያረመችው ሴትዮ አለች። የአከራይቱ ድመት ሳትቀር አለች፤ «በብርዱ ሌሊቶች እግሬን ላሞቀችው ለፍሪዳ» ይላል። ሚስቱም አለች፣ «ለትዕግሥትሽ» ተብላ… መልካም ሚስት ናት፣ እሷን አልነካም። ፓስተሩ ጣቱን ምራቅ እያስነካ ወደ ታች ወረደ፣ ደግሞ ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ ጀርባው ላይ ስሞች የሚደረደሩበትን ገጽ አየ። እዚያም ወረደ፣ ወጣ። መጽሐፉን ዘጋው። ዳበስ ዳበስ አደረገውና «ወረቀቱ ጥሩ ነው» አለ።

«ወረቀቱ ጥሩ ነው»… ይኸው ነው ያለው። ከዚያ ተነስቶ ታሮውን ሊያርም ሄደ፣ ያንን ሸሚዝ እንደለበሰ።

ያ ገጽ ላይ ያልነበረው ስም ኤኖካ ነው። ኤኖካ። ይኸው እኔ ጠራሁት፣ ከባድ አይደለም፣ ጥርስ የሌለው አፍ እንኳ ይችለዋል።

አዝኛለሁ ልጄ። ቀልዱን ትቼ ልንገርሽ፣ አዝኛለሁ። መጽሐፍ የኛ ቤት ነገር አይደለም፣ ዝናውንም አልፈለግንም፣ ኤኖካ ከዚህ መንደር ወጥቶ መስበክ እንኳ አይወድም ነበር። ግን ሲሞት የመጣውን ያን ሰው አስታውሰዋለሁ። ጥቁር ኮት ለብሶ፣ መቃብሩ እዚያው ፊት ለፊትሽ ያለው ነው፣ ከአጠገቡ ቆሞ ንግግር አደረገ። እንዴት ያምራል! «የዋህ እረኛ ነበሩ» አለ። «ብዙ ያላነበቡ፣ ብዙም ያልተናገሩ፣ ግን እምነታቸው እንደ ሕፃን የነበረ» አለ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። ባል ሞቶብሽ ንግግር እየተደረገልሽ ሌላ ምን ታደርጊያለሽ? ጠዋት ጠዋት መቃብሩን ስጠርግ ግን እላለሁ፦ ብዙ ያልተናገርክ ሆይ፣ ትንሽ ጨምረህ ብትናገር ኖሮ ስንት መጽሐፍ ይወጣህ ነበር?

እና እሁድ… አብረን እናስበው እስቲ። እኔ ታጥቤ፣ ነጭ ለብሼ፣ ሰሌን ታቅፌ ከጉድጓዱ አፍ እቆማለሁ። የጀርመኗ ሴትዮ ካሜራዋን ይዛ ትጠጋኛለች። ፈገግ ትላለች፣ እኔም በድዴ ፈገግ እላለሁ። ከዚያ በአስተርጓሚ ትጠይቀኛለች፦ «እማማ፣ ይሄን ከማን ተማሩት?» … ምን ልበላት? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ምከሪኝ። «ከአያቴ» ልበል? አያቴ ከመቃብሯ ተነስታ በሙዝ ቅጠል ትገርፈኛለች። «ከመጽሐፍ» ልበል? «ከነፋሱ» ልበል? ወይስ እውነቱን…

አትደንግጪ። ኧረ የኔ ልጅ፣ ፊትሽ ገረጣ፣ ካካዎው ነው መሰለኝ። አልናገርም። ማንን ፈርቼ መሰለሽ? ማንንም አልፈራ፣ በዚህ ዕድሜዬ ኮሌጁ ምን ያደርገኛል፣ ፈተና ይጥለኛል? አልናገርም ያልኩት አስቤበት ነው። ሌሊት ሌሊት ተኝቼ አሰብኩት፣ ሰሌን ላይ ሆኜ። ብናገር የሚወድቀው ያ ሰው ብቻ ቢሆን እናገር ነበር፣ ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ደስም ይለኝ ነበር። ግን ኤኖካ ወረቀት አልያዘም። ያቺን እሁድ የሰሙት ሽማግሌዎች አልቀዋል፤ የተረፉት ኦክላንድ ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው አሁን የልጅ ልጅ ይጠብቃሉ። ቃሉ የቀረው በዚያ ሰውዬ መጽሐፍ ውስጥ ነው፣ ሌላ የትም የለም። ሌባውን… ይቅርታ፣ አፌ ነው… ባለ ጥሩ ጆሮውን ሰው መሬት ብጥለው የባሌም ቃል ከእጁ ወድቆ ይሰበራል። «የውሸት ልማድ ነው» ይላሉ፣ መጽሐፉን ይጥሉታል፣ የሚሸተውን ግን የሚያድነውንም አብረው ይጥሉታል። ስንት ሰው ያንን አንብቦ ተጽናንቷል አሉ። ካንሰር የያዛት አንዲት ሴት ከካናዳ ደብዳቤ ጻፈችለት አይደል? አየሽ፣ ኤኖካ ካናዳ ድረስ ሄዶ የታመመ ጠይቋል። ስሙን ሳይይዝ ነው እንጂ።

ለዚህ ነው ዝም የምለው። ተይዣለሁ ልጄ። ያንን ሰው የምጠብቀው እኔ ነኝ፣ ገረመሽ? ከሚስቱ ቀጥሎ እንደኔ ዕድሜ የሚለምንለት የለም።

ግን አንድ ነገር ቢሆን… እሁድ ማይክሮፎኑን ሲሰጡት፣ ባልሽን አይደለም፣ ያንን ሰው፣ እሱም ከተጋበዘ… አንዲት ስም ቢጠራ ምን ይጎድልበታል? «እኔ ቤታቸው ስበላ ነው የሰማሁት፣ የተናገረውም እሱ ነው» ቢል? ሰሌኑን ይተወው፣ ሥጋዌም ይሁን፣ የውሻዬም አያት ቁስለ መስቀል ትሁን፣ ግድ የለኝም። ስሙን ብቻ። አጭር ናት፣ ሦስት ፊደል። ክብሩ አይቀንስም። እንዲያውም «እንዴት ትሑት ነው!» ብለው ሌላ ሽልማት ይሰጡት ይሆናል፤ ይውሰደው፣ አይጎረብጠኝም። ባልሽ ያንን ሰው የሚያውቀው ይመስለኛል። ንገሪልኝ። ጠዋት መስታወት ፊት ሲላጭ ብትነግሪው ጥሩ ነው፣ ያኔ ይገናኛሉ።

አታልቅሺ። አንቺ ምን አደረግሽ? አንቺንስ ማን ጠየቀሽ? ነይ ዓይንሽን በዚህ ጥረጊ፣ ንጹሕ ነው።

ይኸው ሰሌኑ። አሮጌ አልሰጥሽም፣ አሮጌዎቹ እኔን ተላምደውኛል። ይሄ አዲስ ነው፤ ቅጠሉን ራሴ ቆርጬ፣ ቀቅዬ፣ አስጥቼ የሠራሁት ነው፣ ዓይኔ እንደዛሬው ሳይደክም። ግድ የለም፣ ትንሽ አመድና ጭቃ አስነክታችሁ አሮጌ አስመስሉት፣ ይሄንን ኮሌጁ ያውቅበታል። ከሥሩ ግን የሙዝ ቅጠል አንጥፊበት፣ ደርበሽ አንጥፊ፣ እንግዶቹ አያዩትም። ፍሬው እንዳይበላሽ ነው። በኋላ የሚበሉት ልጆች ናቸው።

ቆይ፣ ሳንጸልይ የት ልትሄጂ ነው? ከፓስተር ቤት ጸሎት ሳይደረግ ይወጣል እንዴ? ዓይንሽን ጨፍኚ።

ጌታ ሆይ፣ ይቺን ልጅ ባርክ። ልጆቿን ከሳል፣ እናቷን ከጉልበት ሕመም ጠብቅ። ባሏንም ባርክ፣ ደግ ባል ነው፣ ደህና ልብስ ያለብሳታል። ያንን ሌላውን ሰውዬም… ስሙን አንተ ታውቀዋለህ… ያንን ሊቅ አትርሳብን። ዕድሜውን አርዝምለት፣ ሽበቱን አሳምርለት። ዓይኑ እንዳይደክም፣ ጆሮውም እንደ ድሮው እንደተከፈተ ጠብቅለት። መጽሐፉ ያልደረሰበት አገር አይኑር። ከጉባኤ ወደ ጉባኤ በሰላም ውሰደው፣ በሰላም መልሰው። ሸምግሎ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ብቻውን አትተወው፣ ከእግሩ ሥር ቁጭ ብሎ ቃሉን የሚለቅምለት አንድ ተማሪ ስጠው። ብልህ ስጠው፣ ባሕር የሚሻገር ስጠው። ከሁሉም በላይ ግን ጌታ ሆይ… ተማሪው በነገር ሁሉ ልክ መምህሩን የመሰለ ይሁን።

አሜን። … አሜን በይ እንጂ ልጄ።